የወንድሜ ዳሌ

ወንድሜ የሚያማርረው እግሩን አይደለም፣ ዳሌውን ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ ተገልብጦ የተሰበረው ቅልጥሙ ነበር፣ ግን አጥንቱ እንክት ብሎ መሀሉ ክፍተት ስለቀረ ሐኪሞቹ ከራሱ ዳሌ አጥንት ወስደው እዛ ሞሉት፣ አሁን እግሩ ሲሻለው ዳሌው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው ያድራል። "እትዬ፣ አንዱን ለመድፈን ሌላውን ቆፈሩኝ እኮ" ይለኛል። እውነቱን ነው። የራስ አጥንት እስካሁንም ተመራጭ ነው፣ ሰውነት አይገፋውም፣ ግን ሁለተኛ ቁስል ያስከፍላል። እማዬማ ወጌሻ ጋ ብንወስደው ኖሮ እያለች ነው። አልከራከራትም፣ ጠብቆ የታሰረ ሽመል ደም ዘግቶ ስንት እግር እንዳስቆረጠ እሷም ታውቃለች።

ብቻ በዚ ሰበብ ሰሞኑን ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ገና ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ስለሚችል ሴል፣ ሳነብ ነው የማመሸው። ከመቅኔ በመርፌ ትንሽ ይቀዳል፣ አጥንት መሆን የሚችሉት ሴሎች ተለይተው ይራባሉ፣ ከዛ ከፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራ ስካፎልድ ላይ ይዘራሉ። ስካፎልዱን የጭቃ ቤት ማገር በሉት፣ ጭቃው የሚይዘው ከሌለ ይናዳል አይደል፣ ይሄኛው ማገር ግን ቀስ በቀስ ሟምቶ ያልቃል። ፖሊካፕሮላክቶን የሚሉት ፖሊመር 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ በ3ዲ ፕሪንተር ክር በክር ደርድረው ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው ይሠሩታል፣ ሰውነት ውስጥ ለማለቅ 2 ዓመትና ከዛም በላይ ይፈጅበታል። ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው ሌላው ፖሊመር ደሞ ሲፈርስ ላክቲክ አሲድ ነው የሚሆነው፣ ስንሮጥ ጡንቻችን የሚያመርተው ማለት ነው።

ያሳቀኝ ሴሎቹን ወደ አጥንት የሚገፋቸው ነገር ነው፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቫይታሚን ሲ እና ቤታ ግሊሴሮፎስፌት። ሁለቱ እኮ እኔ የምሠራበት ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አሉ! ዴክሳሜታዞን ሰው ለረጅም ጊዜ ሲወስደው አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት ነው፣ እነዚህ ሴሎች ላይ ግን በጣም ትንሽ መጠኑ ተቃራኒውን ይሠራል። 37 ዲግሪ ላይ 3 ሳምንት ገደማ ቆይተው አሊዛሪን ሬድ የሚባል ቀለም ሲፈስባቸው ካልሲየም የጣሉበት ቦታ ቀይ ይሆናል (3 ሳምንት መብራት ሳይጠፋ፣ እሺ ይሁን)።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጣሊያን ሐኪሞች በታካሚዎቹ በራሳቸው ሴል የ3 ሰዎችን ትልልቅ የአጥንት ክፍተት እንደሞሉ ጽፈዋል፣ ስካፎልዱ ግን ሴራሚክ ነበር፣ አጥንቱ ገጠመ፣ ሴራሚኩ ግን ከዓመታት በኋላም እዛው ነበር። ፖሊመሩ ልቤን የወሰደው ለዚ ነው፣ እንደ ሴራሚክ ጠንካራ ባይሆንም ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል።

ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው፣ ደም። ሴል ከደም ስር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ኦክስጅን በቅጡ አይደርሰውም፣ ስለዚ ላብራቶሪ ውስጥ ያማረው ትልቅ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ዳር ዳሩ ተርፎ መሀሉ ይሞታል። ይሄን እያነበብኩ ነው የወንድሜ ሲጋራ ትዝ ያለኝ፣ ሲጋራ ደም ስር አጥብቦ አጥንት እንዳይገጥም እንደሚያዘገይ በየቀኑ ለሰው እየነገርኩ ለሱ ሳልነግረው። ነገርኩት። እስከ ሐሙስ ቀጠሮዬ ልተወው አለኝ፣ ከሐሙስ በኋላ ስላለው ምንም አላለም።