የሻገተ እንጀራ፣ የዘጌ እንጉዳይና የጣና ደንገል በማይክሮስኮፕ

ደህና የምለው የመጀመሪያው ፎቶዬ የእንጀራ ሻጋታ ነው። ሐምሌ ነበር። ባሕር ዳር በክረምት፣ በተለይ ዝናቡ ሲሰነብት፣ እንጀራ ሦስት አራት ቀን ከቆየ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። እናቴ ልትደፋው ስትነሳ «እማ፣ እባክሽ ትንሽ አስቀሪልኝ» አልኳት። «ምን ሊያደርግልህ? ይሄ እኮ ለዶሮም አይሆን» አለች፤ ግን ሻጋታ የበዛበትን ቆርሳ በክዳን ዕቃ አኖረችልኝ።

ከዚያ በፊት አምስት ወር ሙሉ የረባ ነገር አላነሳሁም። ማይክሮስኮፑን የገዛሁት ሥራ ካቆመ አንድ ክሊኒክ ነው። ባለ 4፣ 10፣ 40 እና 100 ሌንስ ነው፤ ዓይን የሚገጥምበት ሌንስ ደግሞ 10 ስለሆነ ሲባዛ ከ40 እስከ 1000 እጥፍ ያጎላል። ስልኬን ደግኜ አነሳለሁ፤ የሚወጣው ጭጋግ ነው። በስልኩ አሳብቤ ሌላ ስልክ ገዛሁ። ጭጋጉ አልለቀቀም። ያ ብር ዛሬም ይቆጨኛል፤ ችግሩ ያለው ከሌንሱ ሥር፣ የሚታየው ነገር በሚቀመጥበት ብርጭቆ፣ ስላይዱ ላይ ነበርና።

ሻጋታውን በወረንጦ ቆንጥሬ ውሃ ጠብ አድርጌበት ነበር የማየው። ሻጋታ ደግሞ ውሃ አይቀበልም። አየር አፍኖ ይይዝና ስላይዱ በሙሉ ጥቁር ቀለበት በመሰለ አረፋ ይሞላል። የቆነጠርኩት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም። መላው የተገኘው ከግልጽ ፕላስተር ነው። የሚያጣብቀውን ፊት ሻጋታው ላይ በስሱ አስነክቼ አነሳሁት፤ አንድ ጠብታ አልኮል አደረግሁበትና ሊደርቅ ሲል ስላይዱ ላይ ባለ የውሃ ጠብታ ላይ ደፋሁት። አረፋው ጠፋ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሻጋታ ስትነካኩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

በ400 እጥፍ ያየሁትን አልረሳውም። ቀጭን ክር ሽቅብ ይወጣና ጫፉ ላይ እንደ ጭራ ይበተናል፤ ከእያንዳንዱ የጭራ ፀጉር ጫፍ ደግሞ ስፖሮቹ፣ ሻጋታው የሚራባባቸው ደቃቅ ዘሮች፣ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ይወርዳሉ። ይህ የፔኒሲሊየም መልክ ነው፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘበት የሻጋታ ወገን።

ከዚያ ወደ እንጉዳይ ተሻገርኩ። በክረምት በጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ቡናው ሥር የበሰበሰ ግንድ ሁሉ እንጉዳይ ያበቅላል። የአገሩ ሰው የጅብ ጥላ ብሎ አይነካውም። ባለቦታውን አስፈቅጄ ሁለት ሦስት ይዤ ተመለስኩ። የአንዱን ባርኔጣ ቆርጬ ነጭ ወረቀት ላይ ደፋሁት፤ ብርጭቆ ከድኜበት አደርኩ። ጠዋት ወረቀቱ ላይ እንደ ቡና ዱቄት ያለ ስፖር ጨረር ጨረር ሠርቶ ተኝቷል። የአንዱ ርዝመት 8 ማይክሮን ገደማ ነው፤ 125ቱ ቢሰለፉ 1 ሚሊ ሜትር ይሞላሉ።

እኔ ግን የፈለግሁት ስፖሩ የሚያድግበትን ቦታ ማየት ነበር። ለዚያ ከባርኔጣው ሥር ያሉትን ስስ ዝርግፎች በጣም አሳስቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። ካሮት ለሁለት ሰንጥቄ ዝርግፉን መሃሉ አጣበቅሁና ሁለቱን አንድ ላይ በአዲስ ምላጭ ላጥኩ። ከሃያው ልጣጭ አንዱ ሆነ። በዚያ በአንዱ አራት ቀንድ ያላት ትንሽ ኪስ አየሁ፤ በየቀንዱ ጫፍ አንዳንድ ስፖር ተቀምጧል።

ያን ሰሞን ነው ስላይድ መክደኛዋ ስስ ብርጭቆ አልቃብኝ ሌላ ስላይድ የደረብኩት። ባለ 40ውን ሌንስ ባወርድ ባወርድ ምስል የለም፤ በመጨረሻ ቀጭ አለ፤ ስላይዱ ተሰነጠቀ። ሌንሱ የተረፈው ጫፉ ባለ ስፕሪንግ ስለሆነ ነው። ያ ሌንስ የተሠራው ውፍረቱ 0.17 ሚሊ ሜትር ለሆነ መክደኛ ነው፤ ስላይድ ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሌንሱ ሳይደርስ ይጋጫል።

ብርሃንን በተመለከተ፣ ከመድረኩ ሥር ያለችውን የብርሃን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ ከከፈታችሁ ቀለም የሌለው ስፖር ይጠፋል፤ አጥብባችሁ ከዘጋችሁ ጠርዙ ሁለት ይሆናል። እኔ ሩብ ያህል ዘግቼ እተወዋለሁ። መብራት ሲሄድ እንዳልቆም አምፖሉን በፓወር ባንክ በሚሠራ ቀየርኩት፤ ፎቶው ላይ ይመጣ የነበረው ጥላ ጥላ መስመርም አብሮ ቀረ። ስልኩን ከፕላስቲክ ቱቦ በቆረጥኩት ማቀፊያ አስሬዋለሁ፤ የማነሳውም በኢርፎን ቁልፍ ነው፤ ስክሪኑን በጣት መንካት ብቻውን ምስሉን ያናውጠዋል። በ400 እጥፍ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት 1 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሆነ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርኩ ከ15 እስከ 20 ፎቶ አነሳለሁ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ደራርቤ አንድ አደርጋቸዋለሁ። 1000 እጥፍ ያጓጓል፤ በሌንሱና በመክደኛዋ መሃል ጠብ የሚደረገው የማይክሮስኮፕ ዘይት ከሌለ ግን አትሞክሩት።

የጣናን ውሃ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ዳርቻው ቢልሃርዝያ ስላለበት ባዶ እግሬን አልገባም፤ ጠርሙስ ዘንግ ላይ አስሬ እቀዳለሁ። ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ውሃ ውስጥ የቆየ ደንገል ሰጡኝ። ላዩ ላይ ያለውን ልጋግ ፋቅ አድርጌ፣ ብርሃኑ መሃል ላይ ክብ ጥቁር ካርቶን አስቀምጬ በ100 እጥፍ አየሁት። መደቡ ጠቆረ፤ ዳያተሞቹ፣ እነዚያ የብርጭቆ ቅርፊት ያላቸው ዋቅላሚዎች፣ ራሳቸው ታንኳ መስለው እያበሩ ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ።

በማግስቱ ቪዲዮውን ወሰድኩላቸው። «አባባ፣ ትናንት የሰጡኝ ደንገል ላይ ያለው ነው» አልኳቸው። ስልኩን ከፀሐይ በእጃቸው ከልለው ብዙ አዩት።

«እና ልጄ፣ ደንገሉን የሚያሙለጨልጨው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

ጎንበስ ብለው ከውሃው አንድ እርጥብ ደንገል አነሱና በአውራ ጣታቸው ደጋግመው አሹት።