አፍንጫዬ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

ዛሬ ንጋት ላይ፣ በዳቦ ቤታችን በቅርቡ የተቀጠረው ልጅ የዱቄት ጆንያ ፈትቶ ወደ ማቡኪያው ማሽን ሲገለብጥ በተከታታይ ስድስት ጊዜ ያህል አስነጠሰ። «ጉንፋን ነው ጋሼ፣ ሰሞኑን አልለቀቀኝም» አለኝ። እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው ማሽን አጠገብ ቆሜ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እመልስ እንደነበር ትዝ ብሎኝ፣ ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ምንም አልነበረብኝም፤ ስለዚህም ዱቄት እኔን አይነካኝም ብዬ ደምድሜ ነበር። ዛሬ እንደማውቀው ግን ከዱቄት የመጣብኝ አስም በዝምታ የሚሰናዳው በዚያ ጊዜ ነው። ከትንፋሽ ጋር ለሚገባው የስንዴ ፕሮቲን ሰውነት ቀስ በቀስ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፤ ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ጥቂት ብናኝ ይበቃል። በሁለተኛው ዓመት ማስነጠሱ መጣ፤ ዓይኔን ያሳክከኝ ጀመር፤ መሐረቤ ላይ የሚቀረው ንፍጥም ከዱቄት ጋር ተለውሶ እንደ ቀጭን ሊጥ ይደርቅ ነበር። አንዱ ሳይነስ ነው አለኝ፣ ሌላው ከምድጃ ሙቀት ወደ ብርድ መውጣት ያመጣው ነው አለኝ፤ ሁሉንም አመንኩ።

ደረቴን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሳሉና ሲር ሲር የሚለው ትንፋሽ አብዝቶ የሚነሣው ከሥራ ወጥቼ ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ ስለነበር ጥፋቱን በመኝታ ክፍሌ አሳበብኩ። ሐኪሟ ግን ገና ደረቴን ሳታዳምጥ፣ «በዕረፍት ቀንዎስ እንዴት ይሆናሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያች ዕለት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። በቀን አራት ጊዜ የምነፋበት ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ሰጥታኝ፣ የሥራውንም የዕረፍቱንም ቀን ለአራት ሳምንት መዘገብኩ። በዕረፍት ቀን በደቂቃ እስከ 470 ሊትር የሚደርሰው የትንፋሼ ፍጥነት በሥራ ሳምንት መጨረሻ ወደ 350 ይወርድ ነበር። በክንዴ ቆዳ ላይ በተደረገው የአለርጂ ምርመራ ደግሞ ሁለት ቦታ አበጠ፤ አንዱ የስንዴ ዱቄት፣ ሌላው ሊጡ እንዲያምር የምንጨምረው ማሻሻያ ውስጥ ያለው፣ ከሻጋታ የሚመረተው አልፋ አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነበር። ያን ማሻሻያ ስንት ዓመት በባዶ እጄ እየዘገንኩ እንደበተንኩ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፣ የጋጋሪዎችን ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከሚስቡት ዱቄት ጋር አያይዞት ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር እኔ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ያስቆጨኛል። ዱቄት ምግብ ስለሆነ ማንም በክፉ ዓይን አያየውም። በእርግጥ ዳቦውን እስከ ዛሬ ያለ ችግር እበላዋለሁ፤ የጎዳኝ በትንፋሽ የገባው ነው።

አሁን የምሠራው ማሸጊያው ክፍል ነው፤ የሚሳበውን መድኃኒትም በየቀኑ እወስዳለሁ። ከብናኙ ቶሎ ርቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሙሉ በሙሉ ይለቀኝ ነበር፤ ብናኙን ለረጅም ጊዜ የሳበ ሰው ሥራውን ከተወ በኋላም አስሙ ሳይለቀው ሊቆይ እንደሚችል ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራኛለች። በሥራ ቦታችን ብዙ ነገር እንደተለወጠ አልክድም። ወለሉ በመጥረጊያ መጠረጉ ቀርቶ አቧራ በሚስብ ማሽን ይጸዳል፤ ማቡኪያው ክዳን አለው፣ ውሃና ዱቄቱ እስኪዋሐዱም በዝግታ ይዞራል። ጆንያው ግን አሁንም ከከፍታ ይገለበጣል፣ ባዶው ጆንያም ብናኙ እንዲራገፍ ይመታል። ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ በገባው ብርሃን ያ ነጭ ጉም ልጁ ፊት ላይ ሲያርፍ ቆሜ አየሁት።

ጆንያውን ዝቅ አድርጎ፣ አፉን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ ቀስ ብሎ እንዲያፈስስ አሳየሁት፤ ከዕቃ ግምጃ ቤትም ጭምብል አምጥቼ ሰጠሁት። ስለ አስም አላወራሁትም፤ ሳላስፈራራው እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። ነገና ከነገ ወዲያ ዕረፍቱ ነው። ሲመለስ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት አፍንጫው እንዴት ሰንብቶ እንደነበር ነው።