የእማዬ ጨጓራ

ዛሬ ግማሽ ቀኔ ላብራቶሪ በር ላይ አለቀ። እማዬ የሰገራ ናሙናዋን በጥቁር ፌስታል ደራርባ ጠቅልላ፣ ሰው እንዳያይባት በነጠላዋ ሸፍና ነው የገባችው። ውጤቱ፦ ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ፤ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለባት ማለት ነው።

ስንት ዓመት በርበሬን ስትረግም ኖራለች! ተልባው፣ አብሹ፣ አልጫው... በርበሬ የታመመ ጨጓራን ያቃጥል ይሆናል እንጂ ባክቴሪያውን አያመጣም። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብ ነው የሚይዘው። ብዙዎች ደግሞ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ነው ሲባል አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ጥፋተኛው ባክቴሪያው መሆኑን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶት ታመመ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ጀግና ነው ወይስ እብድ? ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

የታዘዘላት ሁለት አንቲባዮቲክ፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ እንዲሁም አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ነው፤ ለ14 ቀን። ፋርማሲስቷ ኦሜፕራዞሉ ላይ በእስክሪብቶ «ከምግብ በፊት» ብላ ጻፈችበት። «አፍዎን ሊመርዎት ይችላል፤ ተሻለኝ ብለው ግን እንዳያቋርጡ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለቻት። መጥፋቱ የሚታወቀው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞልም ለ2 ሳምንት ቆሞ፣ በድጋሚ የሰገራ ምርመራ ነው። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም። ከዳኑም በኋላ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን መድኃኒቱን አየችና «እኔንም እኮ ያቃጥለኛል፤ ከተረፈሽ ትሰጪኛለሽ» አለቻት።

እማዬ ኮስተር ብላ «አይተርፍም! ነገ ሂጂና ተመርመሪ።»