እድፍ መስሎኝ የፋቅሁት ቅጠል

ላጲሱን ያነሣሁት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ቀኑን የማልረሳው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ልመልሰው ስላልቻልሁ ነው።

የምሠራው ሚላኖ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የመጻሕፍት ንግድ ቤት ነው። የምንነግደው በአብዛኛው ፋክሲሚሌ የሚባለውን አምሳያ ቅጂ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ፈላጊው የሚበዛው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማስታወሻ ደብተሮች ናቸው። አምሳያ ቅጂ ተራ ድጋሚ ኅትመት አይደለም። የዋናው ወረቀት መጠን፣ የጠርዙ መበላት፣ የቀለሙ መደብዘዝ፣ ከ500 ዓመት በፊት የፈሰሰ ጠብታ ሳይቀር እንዳለ ይሠራል። እትሙ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቁጥር አለው። ሊዮናርዶ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ስለሚጽፍ፣ ጽሑፉን በተለመደው አጻጻፍ ገልብጦ የሚያብራራ ሌላ ጥራዝም አብሮ ይወጣል። ሣጥኑ ወይም ማብራሪያው ከጎደለ የቅጂው ዋጋ ወዲያው ይወርዳል።

ሰው በአምሳያው የሚረካው ዋናው ስለማይገኝ ነው። ሌስተር የሚባለውን ደብተር ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1994 በ30.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሌሎቹ በሚላኖ፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በማድሪድና በቶሪኖ ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። እኛ ጋ የሚመጡት ደንበኞች ግን አብዛኞቹ ሀብታሞች አይደሉም። መሐንዲሶች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን ናቸው፤ ለዓመታት አጠራቅመው አንድ ሣጥን የሚገዙ። የእነርሱን ገንዘብ በእጄ እንደያዝሁ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ለዚህም ነው ያ ቀን የከበደኝ።

በዚያ ሳምንት የሞተ አንድ መሐንዲስ ቤተሰቦች ከቤቱ የተገኙ መጻሕፍትን ሸጡልን። ከመካከላቸው ስለ ወፎች በረራ የተጻፈው ደብተር አምሳያ ቅጂ ነበር። ዋናው በቶሪኖ ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1505 አካባቢ የጻፈው፣ 18 ወረቀት ብቻ ያለው፣ ከተማሪ ደብተር የማይበልጥ ነገር ነው። ትንሽነቱ ግን አያታልላችሁ። ጭልፊት ነፋሱን እንዴት እንደምትሻገር፣ ወፍ ክብደቷን በክንፎቿ መካከል እንዴት እንደምታስተካክል፣ ሰው የሚበርበት መሣሪያ እንዴት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ የተመራመረበት ነው። በሕዳጎቹ ላይ ከጥፍር የማይበልጡ ወፎች ሥሎበታል። እኔ ካየኋቸው ደብተሮች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም።

የደረሰበትም መከራ ብዙ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጉሊየልሞ ሊብሪ የሚባል ሰው ከፓሪስ ሰርቆ አወጣው፤ ወረቀቶቹንም ነጣጥሎ ሸጣቸው። ቴዎዶር ሳባሽኒኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ለመጀመሪያ ጊዜ በአምሳያ ቅጂ ሲያሳትመው እንኳን ገና አልተሟላም ነበር። የተበተኑት ወረቀቶች ተሰብስበው እስኪያልቁ 20ኛው ክፍለ ዘመን ገባ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ የምተርከው እኔ ነኝ። ታሪኩን ማወቅና ገጹን ማወቅ ግን ለየቅል መሆናቸውን አላወቅሁም።

የእኔ ሥራ ገጾቹን መቁጠር፣ የመጽሐፉን ሁኔታ በቅጽ ላይ መመዝገብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ማሸግ ነው። ሣጥኑን ስከፍት ምድር ቤት የኖረ ዕቃ ሽታ ሸተተኝ። ውስጡ ቀይ የጨርቅ ገበር አለው፤ በአንድ ማዕዘን በኩል እርጥበት ነክቶት ጨርቁ ጠቁሯል። ገጾቹን አንድ በአንድ ስገልጥ ደህና ነበሩ። ከግማሽ በኋላ ግን አንዱ ገጽ ላይ፣ ከቡናማው ጽሑፍ ሥር፣ መዳፍ የሚያህል ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ገበሩ ቀለሙን ለቆ ገጹን የነካው መሰለኝ። አእምሮዬ ሣጥኑን፣ እርጥበቱንና ቀዩን ጨርቅ አያይዞ ፍርዱን ሰጠ። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አልጠየቅሁም።

በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ያለ የእጅ እድፍና የእርሳስ ምልክት በለስላሳ ላጲስ ማንሣት የተለመደ ሥራችን ነው። ገዢው፣ ቦሎኛ የሚኖር ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቀብድ ከፍሎ ሁለት ወር ጠብቋል። ንጹሕ አድርጌ ልላክለት ብዬ ፋቅሁት። ቀዩ ሳሳ። ደስ አለኝ፤ ደገምሁት። ከዚያ ከቀዩ በላይ ያሉት ሦስት መስመሮች አብረው እየገረጡ መሆናቸውን አየሁ። የወረቀቱ ፊትም ሻክሮ እንደ ጥጥ ጎፍሯል።

እጄን ሰብስቤ አጉሊ መነጽሩን ወሰድሁ። ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝን የመጨረሻ አደረግሁት። ከጨርቅ የወጣ ቀለም ቢሆን ኖሮ በወረቀቱ ጭረቶች ውስጥ ሰርጎ ይታይ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ደቃቅ የኅትመት ነጠብጣብ ነው፤ ከፊደሎቹ ነጠብጣብ ጋር አንድ ዓይነት። ራቅ አድርጌ ስመለከተው ደግሞ ከተረፈው ጠርዝ ላይ ጅማት ታየኝ። ቅጠል ነበር። ጽሑፉ ከመስፈሩ በፊት በዚያው ወረቀት ላይ በቀይ ጠመኔ የተሣለ ቅጠል።

ይህ ደብተር እንዲህ ያሉ ሥዕሎች አሉበት። ከመስመሮቹ ሥር ቀይ ቅጠል፣ የሰው እግር ተደብቀው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋዜጠኛው ፒዬሮ አንጄላ በአንደኛው ገጽ ጽሑፍ ሥር ያለውን የሰው ፊት በኮምፒውተር አስለይቶ ባቀረበ ጊዜ ጣሊያን ሁሉ ተነጋግሮበት ነበር፤ የሊዮናርዶ የራሱ መልክ ሊሆን ይችላል ተብሎ። ፊቱን እኔም ሰምቻለሁ። ቅጠሉን ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

የኔታ ፊት ዳዊት ስደግም ያደግሁበት ነገር ትዝ አለኝ። እሳቸው ጋ ፊደል የሚጠቆመው በጭራሮ ነው፤ ጣት ብራናው ላይ አያርፍም። በተለይ ቀዩ፣ ስመ እግዚአብሔርና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀለም፣ እጅ እንዳይነካው አጥብቀው ይቆጡ ነበር። የፍየሉ ቆዳ ሲወጠር የተቀደደውን ቀዳዳ እንኳን ጸሐፊው ዞሮ እንደጻፈበት አሳይተውናል፤ «ይኸም የመጽሐፉ ነው» ይሉ ነበር። ያን ሰምቼ ያደግሁ ልጅ ላጲስ ይዤ ቀዩ ላይ መዝመቴ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበኝ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ አመንትቻለሁ፤ ግን እውነት ነው። ለአሥር ደቂቃ ያህል መደበቅን አሰብሁ። ቅጹ ገና ባዶ ነው። «መጠነኛ መሻከር፣ ከቀድሞ ባለቤት» ብዬ ብጽፍ የሞተው መሐንዲስ አይመልስልኝም። አጠገቤ የምታሽግ በዕድሜ የምትበልጠኝ የጎንደር ሴት አለች። ፊቴን አይታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ገጹን አሳየኋት። «ወንድሜ፣ ሰዓት ሳታሳልፍ ሄደህ ንገራቸው። ደዌውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችኝ። ሄድሁ።

የቤቱ ባለቤት በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቃቸው ሴት ናቸው። ገጹን አዩ፤ ምንም አላሉም። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፤ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የማብራሪያ ጥራዝ አንሥተው የዚያን ገጽ ማስታወሻ ገለጡ። «ከጽሑፉ ሥር በቀይ ጠመኔ የተሣለ ቅጠል» ይላል፤ ግልጽ ብሎ ተጽፏል። ጥራዙ ከክርኔ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ሳልከፍተው ቀረሁ።

ቅጹን እንድሞላ አዘዙኝ። «ገጹ ተፍቋል» ብዬ ጻፍሁ። አንብበው «በማን?» አሉኝ። ሰርዤ «ገጹ በላጲስ የተፋቀው በቤቱ ሠራተኛ ስሕተት ነው» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት። ለመምህሩም እኔው እንድደውል አደረጉ። ከደመወዜ አልቆረጡም። ያ ስልክ ግን ከማንኛውም ቅጣት የከፋ ነበር፤ መምህሩ ዝም ብለው አዳመጡና «የትኛው ገጽ?» ብቻ አሉኝ። ስነግራቸው «አዬ» አሉ። በዚያው ሳምንት ቀብዱ ተመለሰላቸው፤ ሌላ ቅጂ ከተገኘ እንደምንፈልግላቸውም ቃል ገባን።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተለውጧል። ሣጥን ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው ማብራሪያውን ነው፤ የእያንዳንዱን ገጽ ማስታወሻ ሳላነብ ቅጂውን አልገልጥም። አጠራጣሪ ነገር ካየሁ በአጉሊ መነጽር አያለሁ፤ ነጠብጣቡ ከፊደሉ ጋር አንድ ከሆነ የታተመ ነው፣ አይነካም። ላጲስ የሚያስፈልገው ገጽ ካለ ሁለት ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ደንበኞችም «ቀለም ፈስሶበታል» ብለው የመለሱት ቅጂ ሲመጣ እንደ ድሮው አልቸኩልባቸውም፤ የዋናውን ምስል አውጥቼ ያው ጠብታ በዚያው ቦታ መኖሩን አሳያቸዋለሁ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ጠብታውን ይወዱታል። የተፋቀው ቅጂ አልተሸጠም። ባለቤቷ ከጠረጴዛዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኑረውታል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ታሪኩን የምነግረው እኔ ነኝ።

ከስምንት ወር በኋላ ፊሬንዜ ከሚገኝ ነጋዴ የዚያው እትም ሌላ ቅጂ ተገኘ። ማብራሪያውን አነበብሁ፤ እጄን ታጥቤ ገጾቹን ቆጠርሁ። ለመምህሩ ከማሸጌ በፊት ያችን ገጽ ገለጥኋት። ቅጠሉ ከመስመሮቹ ሥር ሙሉ ሆኖ ተኝቷል፤ ግንዱ ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ ጅማቶቹ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ተዘርግተዋል፤ ጽሑፉም በላዩ ላይ ተሻግሮ ያልፋል። ያጠፋሁትን ነገር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።