ንፋስ በቀጠሮ አይመጣም

ዛሬ የንፋስ ተርባይን ስሩ ድረስ ሄጄ አየሁት። ከሩቅ ሲያዩት ተዝናንቶ የሚዞር ነው የሚመስለው፣ ግን የትልልቆቹ ክንፍ ጫፍ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ ይበራል፣ ክንፉ ባለፈ ቁጥር ሹው ሹው ይላል (ማታ መስኮቴ ስር ቢሆን እንጃ)። ክንፉ የተሰራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው፣ ንፋሱ ዝም ብሎ አይገፋውም ያነሳዋል፣ ከዛ ዘንጉ ይዞራል፣ ብዙዎቹ ላይ ጊርቦክስ ፍጥነቱን ይጨምርና ጄኔሬተሩ መብራት ያመነጫል።

የገረመኝ ግን የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ መሆኑ ነው፣ ለዛ ነው ለካ ቦታ ሲመርጡ እንደዛ የሚጨነቁት። ካለው ጉልበት ደሞ ከ59.3 ፐርሰንት በላይ መውሰድ አይቻልም፣ ንፋሱን ጭራሽ ካቆምከውማ ከኋላ የሚመጣው በየት ይለፍ?

ነዳጅ የለ ጭስ የለ፣ ስሩ ያለው መሬትም ይታረሳል፣ አሪፍ ነው። ግን ንፋሱ ጠፋ ማለት መብራቱም ጠፋ ነው፣ ባትሪ ወይ ሌላ መጠባበቂያ የግድ ነው፣ ሲበዛም ችግር ነው፣ በሴኮንድ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው ራሱን ያቆማል። ወፍና የሌሊት ወፍም ይመታል። ያረጀው ክንፍማ ፋይበርግላስ ከሙጫ ጋር አንድ ላይ ስለደረቀ መለየቱ ፈተና ነው፣ ስንቱ ተቆራርጦ ተቀብሯል።