ድንጋዩ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ መንገድ ዳር ከሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ሽንኩርት ልገዛ ቆምኩ። ሚዛናቸው የድሮው ባለ ሁለት ሳህን ነው፤ የግማሽ ኪሎው ብረት ስለጠፋባቸው በምትኩ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ዓይኔ ድንጋዩ ላይ መቅረቱን አዩ መሰለኝ፣ ምንም ሳልናገር ከጎረቤታቸው ብረት ተውሰው በአንዱ ሳህን ብረቱን፣ በሌላው ድንጋዩን አደረጉ። የድንጋዩ ወገን ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ ቢበልጥ እንጂ እንዳያንስ ብዬ ነው የመረጥኩት» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

ድንጋዩን አንስቼ አየሁት። ከእጅ ብዛት ለስልሷል፣ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆበታል።

ቤት ገብቼ ዘዳግም 25ን ገለጥኩ። በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ መመዘኛ አይኑርህ ይላል። በዕብራይስጡ ቃሉ «ኤቤን» ነው፣ ድንጋይ ማለት። በዚያ ዘመን የብር ማዕድን ራሱ እየተመዘነ ነበር የሚከፈለው። በይሁዳ ምድር በቁፋሮ የተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ8ኛውና የ7ኛው ክፍለ ዘመን የሰቅል፣ ማለትም የዚያ ዘመን የክብደት መለኪያ፣ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ሰቅል 11 ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት በነጋዴው ከረጢት ውስጥ ሆና ድሃውን የምትዘርፈው። ነቢዩ አሞጽም የጮኸው በዚህ ነው፤ ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኩሉት፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ሰቅሉን የሚያከብዱት ሰዎች ላይ።

ስለ ክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ስንከራከር ስለ ሚዛን የምናነሳው ስንቴ ነው? እኔ ራሴ አንስቼ አላውቅም።

ነገ ተመልሼ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።