ጭኑን ሸፈነ

ዛሬ ጠዋት የስድስት ዓመቱ ልጄ ሊያግዘኝ ብሎ ረከቦቱን ብድግ ሲያደርግ ሁለት ሲኒዎች ተንሸራተው ወደቁና ተሰበሩ። "ምን ነካህ!" ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

አልሮጠም፤ አላለቀሰም። ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ፣ ልክ ቁንጥጫ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ቁምጣ ለብሶ ስለነበር ጣቶቹ ቆዳውን እንዴት አድርገው እንደተጫኑት ይታያል። የቆነጠጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ከፋሲካ በፊት። እኔ ረስቼዋለሁ።

እናቴ ከጀበናው ኋላ ሆና "እናንተን እኮ በርበሬ እያጠንኩ ነው ያሳደግኋችሁ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ልጁን አየችውና ዝም አለች። እናቴ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንላትም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል። የቤታችንን ጓዳ ግን ስሙን አይጠራም። እሱ ለእኛ ኅሊና የተተወ ይመስለኛል።

አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ "ልታግዘኝ ነበር አይደል?" አልኩት። "አዎ" አለኝ በቀስታ። ስባሪውን እኔ ጠረግኩ፣ እሱ ማፈሻውን ያዘልኝ። በአንድ እጁ። ሌላኛው እስከ መጨረሻው ከጭኑ ላይ አልተነሣም።